በማይጠፋው ማራገቢያ ጉዳይ የተደረገ ማጣራት

በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ያለ ማበረታቻ፣ ያለ ተቆጣጣሪና ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ሥራውን የቀጠለ አንድ አገልጋይ ብቻ ይታወቃል። እርሱም የዋና ሥራ አስኪያጃችን መኪና የራዲያተር ማራገቢያ ነው። ይህን የምጽፈው ለእርሱ ክብር ነው። ጉዳዩን የመረመረውን ኮሚቴ በሰብሳቢነት የመራሁት እኔ በመሆኔ፣ ስለ ነገሩ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ከዚህም የምትረዱት ስለ ነገሩ የሚያውቅ ሰው ጨርሶ አለመኖሩን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው አንድ ረፋድ ላይ ነው። ሾፌራችን ዋና ሥራ አስኪያጁን ከስብሰባ መልሶ ደረጃው ሥር አወረዳቸው። መኪናዋን ወስዶ አጥሩ ጥግ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አቆማት፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለና ኪሱ ከተተ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ማራገቢያው ግን ጸጥ አላለም። መጀመሪያ ላይ ማንም ነገሬ አላለውም፤ የጋለ መኪና ከቆመ በኋላም ጥቂት ማራገቡ የተለመደ ነው። የሻይ ሰዓት አለፈ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሠራተኛው ሁሉ በያዘው መስመር መሐል ብዕሩን ጥሎ ሲወጣ፣ እርሱ እዚያው ኮፈኑ ሥር ያጓራል። ከምሳ ስንመለስም ያጓራል። ዘግይተው የተመለሱ አንዳንድ ባልደረቦቻችን በአጠገቡ ሲያልፉ አንገታቸውን ሰበር ማድረግ ጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት ዝም ብሏል። ባትሪውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨርሶ ነበር ዝም ያለው።

ሾፌራችንን ሠራተኛው «ፈጣኑ» ይለዋል፤ ከእግረኛ ጋር እኩል ስለሚነዳ ነው። ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ ቤት ውስጥም አያወልቀውም፤ የደረጃችንን ጠርዝ ብዙ ጊዜ የሳተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ጠዋት ቢሮዬ ገብቶ የሆነውን ሁሉ ነገረኝና መኪናዋን ወደ ጋራዥ ለመውሰድ ፈቃድ ጠየቀኝ። እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ። ከወንበሬ የምነሳው ነገሩ ከባድ መሆኑን ለማሳየት ስፈልግ ብቻ ነው። ከዚያም «ጥፋተኛው ሳይለይ ጥገና የለም» አልኩት።

ይህ መመሪያ የራሴ የአእምሮ ውጤት ነው። ከእኔ በፊት በመሥሪያ ቤታችን የተበላሸ ነገር ሁሉ እንደ ተበላሸ ይጠገን ነበር። ይህም ሠራተኛውን ከጥፋቱ እንዳይማር አድርጎታል፤ ማስረጃም አጥፍቷል። መመሪያው ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ የፎቶ ኮፒ ማሽናችን ነበረች። ረጅም ማጣራት ተደርጎ ጥፋተኛዋ ተለየች፤ የማሽኑ ሠራተኛ ስትሆን፣ ዛሬ የኋላውን በር ትጠብቃለች። ማሽኑ እስከ ዛሬ አይሠራም፤ ጥፋተኛው ግን ይታወቃል። ስንት መሥሪያ ቤት ነው በዚህ ደረጃ ላይ የሚገኘው?

ፈጣኑ የኋላውን በር ሲያስታውስ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደው። የፈራበት ምክንያት ነበረው። ለዓመታት የኮንትራት ሠራተኛ ሆኖ ቆይቶ፣ በሚቀጥለው የሥራ አመራር ስብሰባ ቋሚ ሊሆን ስሙ ቀርቦለታል። ቋሚነቱን የሚጠብቀው እርሱ ብቻ አልነበረም። የሚወዳት ልጅ አባት በቁርጥ ነግረውታል፤ ለኮንትራት ሠራተኛ ልጅ አይሰጡም። ለምን ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ኮንትራቱ ሲያልቅ ልጄንም ትመልስልኛለህ?» ብለውታል። ልጅቷ ደግሞ ከአባቷ ቃል አትወጣም። እና በስሙ ላይ አንዲት የጥፋት ነጥብ ካረፈች ቋሚነቱም ትዳሩም በዚያው ቀሩ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ቆሞ ነገረኝ። እኔም በጣም አዘንኩለትና ኮሚቴ አቋቋምኩ።

ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ፣ በአስተዳደር ትምህርት የተመረቅኩ፣ ስለ መኪና ያለኝ እውቀት ነዳጅ በየት በኩል እንደሚገባ ከማወቅ የማያልፍ፤ እሱንም ማደያ ደርሼ ከተሳሳተው ጎን ከቆምኩ በኋላ ነው የማስታውሰው። ሁለተኛው የሕግ ባለሙያችን ነው፤ ሠራተኛው «አንቀጽ» ይለዋል። ሦስተኛዋ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁልፋቸውን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉ፣ ምንም ነገር ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ በመሆኑ «እትዬ የለም» የሚባሉ። ከመኪናዋ አጠገብ ጠረጴዛና ወንበር አስወጥተን ተቀመጥን። ባትሪው ከጎረቤት መሥሪያ ቤት መኪና ተሞልቶ ስለነበር ማራገቢያው እንደገና እያጓራ ነው። ስለዚህ ሁላችንም እየጮኽን ነበር የምንነጋገረው፤ ይህም ለማጣራቱ ተገቢውን ክብደት ሰጠው።

«ሞተሩን ያጠፋኸው ራስህ ነህ?» አልኩት ፈጣኑን።

«አዎ ጋሼ።»

«ማራገቢያውንስ?»

«ማራገቢያው ለብቻው ማጥፊያ የለውም እኮ።»

አንቀጽ ብዕሩን አነሳ። «ስለዚህ አላጠፋኸውም።»

«በምኑ ላጥፋው?»

«የተጠየቅከው በምን እንደሆነ አይደለም። አጥፍተኸዋል ወይስ አላጠፋኸውም?»

«አላጠፋሁትም።»

«አምኗል» አለ አንቀጽ፤ ጻፈም።

እትዬ የለም በበኩላቸው የተለየ ሐሳብ ነበራቸው። በእርሳቸው በኩል ገቢ የሆነው «መኪና፣ ከነሙሉ ዕቃዋ» የሚል ብቻ ነው፤ ማራገቢያ የሚባል ዕቃ ተቀብለው አያውቁም። ያልተቀበሉት ዕቃ ደግሞ ሊበላሽ አይችልም። ስለዚህ እዚህ ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፅ ደግሞ የግምጃ ቤት ጉዳይ አይደለም። ይህን ብለው የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደላደሉ።

ፈጣኑ መከላከያ እንዲያቀርብ ዕድል ተሰጠው። እርሱ እንደሚለው መኪናዋ ጥፋት የላትም፤ ልማድ ነው ያለባት። መኪና አብራ የምትውለውን ሰው ጠባይ ትወርሳለች። ይህችም ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር ስብሰባ ለስብሰባ ስትዞር ኖራ፣ አለቀ ከተባለ በኋላ መቀጠልን ለምዳለች። አንቀጽ ይህንንም ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝኩት። ፈጣኑን ለማዳን ያደረግኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለ የመጨረሻው ምክንያታዊ እርምጃዬም እርሱ ነው።

ማጣራቱ በቀጠለበት ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን መንቀሳቀስ ነበረባቸው። ፈጣኑ መኪናዋን ባቆመ ቁጥር የባትሪውን ገመድ ልፍታ አለኝ። ማስረጃ መነካካት ስለሆነ ከለከልኩት። በምትኩ ሁለት ጊዜያዊ መፍትሔዎች ቀረጽኩ። የመጀመሪያው በየጠዋቱ መኪናዋን ገፍቶ የሚያስነሳ ግብረ ኃይል ማቋቋም ነው። ከየክፍሉ ጉልበት አላቸው የተባሉ ተመረጡ፤ በአመራሩ በኩል እኔ ነበርኩ። አልገፋሁም፤ ከጎን እየሄድኩ እጄን ጣሪያዋ ላይ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ግን አቅጣጫ ላሳይ ብዬ ከፊት ቆሜ ሳለ መኪናዋ ድንገት ተነሳች፤ እኔም የአበባ መደቡ ውስጥ ተገኘሁ። ግብረ ኃይሉ ሱሪዬን ካራገፈልኝ በኋላ አቅጣጫው ግልጽ መሆኑን አረጋግጦ ሥራውን ቀጠለ።

ሁለተኛው መፍትሔ መኪናዋ አንዴ ከተነሳች እንዳትቆም ማድረግ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲገቡ ፈጣኑ ሞተር ሳያጠፋ በአካባቢው እንዲዞር ታዘዘ። ነገር ግን በእርሱ አነዳድ አንድ ዙር ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ክቡርነታቸው ከስብሰባ ወጥተው ደረጃ ላይ ሲቆሙ እርሱ ሁልጊዜ በሌላኛው የሰፈሩ ጫፍ ነበር። ፀሐይ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሥራ አስኪያጅ ለመመሪያ ያላቸው ፍቅር ይቀንሳል። አንድ ቀን ጠሩኝና ጉዳዩ ከሥራ አመራር ስብሰባው በፊት ውሳኔ እንዲያገኝ አዘዙኝ። ስብሰባው ደግሞ በማግስቱ ነበር።

ስለዚህ የቴክኒክ አስተያየት ለማግኘት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራሁ። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ መጣ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ለአፍታ አየና ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል አለን። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ዋሽቶ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞም ግሏል እያለ ያወራ ይሆናል። ወይም የኤሲው መስመር ይሆናል። ወይም ሪሌው ይሆናል። ሪሌ ማለት ትእዛዝ ተቀብሎ መብራቱን የሚያስተላልፍ ትንሽ ሳጥን ነው፤ አንዳንዴ ውስጡ ይጣበቅና ትእዛዙ ሲነሳም አይለቅም። ይህን ሲል አንቀጽና እኔ ተያየን። ሁለታችንም በሐሳባችን አንዳንድ ባልደረቦቻችንን ቆጠርን፤ እርሱ እኔን እንደቆጠረ ኋላ ነው የገባኝ።

ሰውየው እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ። እኔም አስቆምኩት።

«ልትነቅለው ነው?»

«ነቅዬ ላየው ነዋ።»

«መንቀል ምርመራ ነው ወይስ ጥገና?»

«ነቅዬ ካየሁት ምርመራ ነው። ሌላ ካስገባሁ ጥገና ነው።»

«ስትነቅለው ማራገቢያው ቢቆምስ?» አለ አንቀጽ።

«እንግዲያ ችግሩ ታወቀ ማለት ነዋ።»

«አይደለም። ማራገቢያው ቆመ ማለት ነው። እንዲቆም ማድረግ ደግሞ ጥገና ነው።»

ሰውየው እኛንም ስልኩንም በየተራ አየ። ከዚያ ጠቅላላውን ከፊት እስከ ኋላ ብትቀይሩት ይሻላል፣ ዕቃ የሚሸጥ ዘመድ አለኝ አለ። አይቻልም ስንለው፣ እንግዲያው ትልቅ ባትሪ ግዙ፤ ቅዳሜና እሑድን ያለ ችግር ያራግብላችኋል ብሎ ሄደ። ኮፈኑንም አልዘጋውም፤ መዝጋት ምርመራ ይሁን ጥገና እርግጠኛ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ፈጣኑ ብቻዬን አገኘኝ። የልጅቷ አባት ነገ ውጤቱን ሊሰሙ ይጠብቃሉ። ጥፋተኛ ካልተለየ ጉዳዩ በእንጥልጥል ይቆያል፤ በእንጥልጥል ያለ ሰው ቋሚ አይደረግም። ጥፋተኛ ከተለየም የቀረበው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ጨካኝ አይደለሁም። እርሱን የማድንበት ቀዳዳ ፍለጋ መመሪያዬን ከራሱ እስከ እግሩ በሐሳቤ ፈተሽኩት። ተጠንቅቄ ነው ያረቀቅኩት፤ የምሕረት ቀዳዳ አልተውኩበትም።

ያኔ ነው በሕይወቴ የመጀመሪያው ብልኅ የመሰለኝ ሐሳብ የመጣልኝ። ማራገቢያው በሌላ ሰው እጅም የማይቆም ከሆነ፣ ጥፋቱ የፈጣኑ እጅ አይደለም ማለት ነው። ኮሚቴውን ሰበሰብኩ፤ ቁልፉን ተቀበልኩ፤ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሞተሩን አስነሳሁና አጠፋሁ። ማራገቢያው ቀጠለ።

«አዩ ጋሼ» አለ ፈጣኑ ፊቱ በርቶ፤ «ለእርስዎም አልቆመም።»

«እንግዲህ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ሆኑ» አለ አንቀጽ።

ይህ በሐሳቤ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሰብሳቢ ብቻውን መጠርጠር የለበትም። አንቀጽን አስገባሁት፤ አጠፋ፤ ቀጠለ። እትዬ የለም በእኔ ፊርማ ያልወጣ ቁልፍ አልነካም ብለው ብዙ ተለምነው ገቡ፤ አጠፉ፤ ቀጠለ። ሲወጡ «እኔ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት» አሉ። የቀረውን ሠራተኛ ሥራ ከሚያስፈታ ነገር ማራቅ አይቻልም፤ ከየቢሮው እየወጣ ተሰለፈ። ከሰልፉ ውስጥ ፈጣኑን «ለሠርግህ ነው የምናራግብልህ» ብለው የሚቀልዱበት ነበሩ። እያንዳንዱ እየገባ ያጠፋል፤ ተጠርጣሪም ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ግን ከእኔ በኋላ አልተነሳም ነበር፤ ቁልፉን ብቻ ነበር ወዲያ ወዲህ የሚሉት። የማራገቢያውም ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። እኔ ይህን ያስተዋልኩ የመጀመሪያው ሰው ነበርኩ፤ አንቀጽንም «ማራገቢያው በማጣራቱ ጫና እየተዳከመ መምጣቱ ተስተውሏል» ብሎ እንዲጽፍ አደረግኩት።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ሰልፉን በመስኮት አይተው ወረዱ። ሰልፉ ተከፈለላቸው።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው?»

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጥፋተኛውን እየለየን ነው።»

«የት ደረሳችሁ?»

«ከሒሳብ ክፍል በስተቀር ሁሉም ሆኗል» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። አንድ እግራቸውን ውጭ እንዳደረጉ ወንበሩ ላይ ዐረፍ አሉና ቁልፉን በቁጣ ወደ ፊት አዙረው፣ በቁጣ ወደ ኋላ መለሱት። ማራገቢያው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ጥቂት ተንቀራፈፈ፤ ቆመ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ በግቢያችን ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ማን እንደጀመረው በኋላ ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ ነኝ የጀመርኩት።

ክቡርነታቸው ቆመው አጭር ንግግር አደረጉ። ለካ ችግሩ የማራገቢያ አልነበረም፤ የቁርጠኝነት ነበር። እኛ ሁላችን ቁልፍ ስናዞር ቆይተናል፤ እሳቸው ግን አመራር ሰጡ። ዕቃም እንደ ሰው ነው፤ ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ የምር መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ይህን ሲናገሩ የመኪናዋ በር እንደተከፈተ ነበር። በር ሲከፈት የምትበራው የጣሪያዋ ትንሽ መብራት አልበራችም። አየኋት። ፈጣኑም አያት፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ነበርና። ዓይኑ ትንሽና የዋህ መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

«ጋሼ» አለ፤ «ባትሪው እኮ…»

እግሩን ረገጥኩት።

«ባትሪው ምን?» አሉ ክቡርነታቸው ዞር ብለው።

ፈጣኑ እኔን አየ። እኔ መሬቱን አየሁ። ባትሪው ሞቷል ካለ አመራሩም አብሮ ይሞታል፤ ማጣራቱ እንደገና ይከፈታል፤ ነገ ቋሚነት የለም፤ ልጅቷም የለችም።

«ባትሪው እንኳ ደንግጧል ሊል ነው» አልኩ።

ክቡርነታቸው ፈገግ አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ አንቀጽም ጻፈው። ይህን ያደረግኩት ለፈጣኑ ብዬ ነው ብዬ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ለባለቤቴ የነገርኳትም እንደዚያ ነው። እውነቱ ግን እግሩን ስረግጥ ልጅቷን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት የኋላውን በር ነበር። እዚያ የምትቆመው ሴትዮ ብቻዋን ናት፤ ጓደኛ ብትፈልግ አይገርምም።

ሪፖርቱ የኮሚቴያችን ምርጥ ሥራ ነው። በአመራር የሚቆም ነገር ብልሽት ሊባል አይችልም፤ ብልሽት ከሌለ ጥፋት የለም፤ ጥፋት ከሌለ ጥፋተኛ የለም። በማግስቱ ፈጣኑ ቋሚ ሆነ። እጄን ስሞ ሊያመሰግነኝ ሲል ከልክዬው በምትኩ ትከሻዬን እንዲነካ ፈቀድኩለት።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ቀረች። መኪናዋ አትነሳም። ባትሪዋ ቢሞላ ማራገቢያው ወዲያው ይጀምራል፤ ማራገቢያው ከጀመረ ደግሞ የክቡርነታቸው አመራር ለአንድ ቀን ብቻ የሠራ ሊመስል ነው። ባትሪ ይሞላ የሚል ደፋር አልተገኘም። በመግፋትም ማስነሳት አይቻልም፤ የግብረ ኃይሉ ተልእኮ በድል ተጠናቋል ተብሎ ተበትኗል። ስለዚህ የተጠገነችው መኪናችን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማ ትገኛለች። ጎማዎቿ ቀስ በቀስ እየተነፈሱ ነው። ፈጣኑ በየጠዋቱ መስታወቷን ይወለውላል፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ በመውጫ ሰዓት ቆልፎ ይወጣል። የልጅቷ አባት ነገሩን በዓይናቸው ሊያረጋግጡ አንድ ቀን መጥተው ከአጥሩ ውጭ ሆነው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ሲያዩት ልባቸው ዐረፈ። ወር ሳይሞላ ጥያቄውን ተቀበሉ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ መኪናቸው ለምን እንደማትመጣላቸው አንድም ቀን አልጠየቁም። «ትረፍ፣ ብዙ ደክማለች» ብቻ ነው ያሉት። እኔ ይህን ስሰማ እሳቸውም የጣሪያዋን መብራት ሳያዩ አልቀሩም ብዬ መጠርጠር ጀምሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬን ግን ቀጥለው የተናገሩት ነገር አቋረጠው።

«አንተ የግል መኪና አለህ አይደል?»

ፈጣኑ የእኔን መኪና ሊነዳ አይችልም። ለአንድ የመሥሪያ ቤት መኪና በቋሚነት የተመደበ ሾፌር ሌላ መኪና አይነካም የሚል ግልጽ መመሪያ አለ። ማን እንዳረቀቀው መጠየቅ አያስፈልግም።

ማታ ባለቤቴ መኪናችን ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት እንደማትኖር ስነግራት ሳህን እያጠበች ነበር።

«ሾፌር ሆንክ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። የትራንስፖርት አስተባባሪ ነኝ፤ ለጊዜው።»

«ልጆቹንስ ማን ትምህርት ቤት ያድርሳቸው?»

ክራቫቴን መፍታት ጀመርኩ።

«ኮሚቴ አቋቁም እንግዲህ» አለችና ውኃውን ከፈተችው።

እንዲህ ሆኖ ባለፈው ሳምንት ክቡርነታቸውን ለትልቅ ስብሰባ ወስጄ፣ በር ከፍቼ አውርጄ፣ መኪናዬን ከአዳራሹ ጀርባ አቆምኩ። እዚያ ሾፌሮች አለቆቻቸውን የሚጠብቁበት የዛፍ ጥላ አለ። በዛፉ ሥር አግዳሚ ላይ ብዙ ሰዎች ቁልፋቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ተቀምጠዋል። ሾፌር እንዳልመስል ራቅ ብዬ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ፤ ክራቫቴንም አስተካከልኩ። ከመካከላቸው አንድ ሽበታም ሰው ተነስቶ መጣ። እርሱም ክራቫት ነበረው።

«አዲስ ነህ መሰለኝ» አለኝ። «ና ጥላው ሥር ተቀመጥ።»

«አመሰግናለሁ፤ እኔ ሾፌር አይደለሁም» አልኩ ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ።»

አልሳቀብኝም። ወደ አግዳሚው ዞሮ፣ «ጠጋ በሉለት፣ ጠቅላላ አገልግሎት ነው» አላቸው። ሰዎቹም ጠጋ ጠጋ አሉ። ክንዴን ይዞ ወሰደኝና አስተዋወቀኝ። ቀጭኑ የኦዲት ኃላፊ ነው፤ ጋዜጣ የያዘው የዕቅድ ኃላፊ ነው፤ እርሱ ራሱ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነው። ሾፌሮቻቸው የት እንዳሉ ጠየቅኩ። መሥሪያ ቤት፣ መኪኖቻቸው ውስጥ ተቀምጠዋል አለኝ።

አጠገቤ ተቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የእናንተዋ ምኗ ተጠግኖ ነው?»

«ማራገቢያዋ» አልኩ።

ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «የታደላችሁ ናችሁ፤ ጥሩ አመራር አላችሁ» አለኝ። «የእኛዋ እስካሁን አልፎ አልፎ ትነሳለች።»